ለጮኸ ሰው ጊዜ የምትጨምር መብራት

እኔን ለማግኘት የፈለገ ሰው የቤተ ክርስቲያናችንን የፕሮግራም ወረቀት ከታች ወደ ላይ ቢያነብ ይቀለዋል። ከላይ ጸሎት አለ፤ ቀጥሎ መዝሙር፣ ማስታወቂያ፣ እንደገና መዝሙር፣ ስብከት። ከሁሉም በታች፣ ወረቀቱ ሊያልቅ የጣት ስፋት ሲቀረው፣ «ግጥም፣ 3 ደቂቃ» ይላል። እሱ እኔ ነኝ። የምሠራው ጂንካ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ስለሆነ ወረቀቱን የማባዛውም እኔው ነኝ። በዚህ ስሌት በከተማዋ የእኔን ያህል የታተመ ገጣሚ የለም። የተደመጠ ወይ ከተባለ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ግጥሙ ጋ ሲደረስ ሁልጊዜ ሰዓቱ አልቋል። የፕሮግራም መሪያችን ጋሽ ወልዴ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ሰዓታቸውን አየት አድርገው፣ ወደ እኔ በሐዘኔታ ተመልክተው፣ «ወንድማችን ያዘጋጀልንን ግጥም በሌላ ጊዜ እንሰማዋለን» ይላሉ። ይህን «ሌላ ጊዜ» የሚባል ቀን በካሌንደር ላይ ፈልጌ አጥቼዋለሁ።

ለራሴ ቢሆን እችለው ነበር። ችግሩ እናቴ ናት። እናቴ የምትኖረው ገዘር ነው። ልጅሽ ግጥም ሊያነብ ነው ሲሏት ሦስት ጊዜ በሚኒባስ መጥታ፣ ሦስቱንም ጊዜ ሳትሰማ ተመልሳለች። እሁድ ከሰዓት በኋላ ወደ ገዘር የሚሄድ መኪና ማግኘት ስለሚያስቸግር እስከ መጨረሻው ቁጭ ብላ መጠበቅ አትችልም። እዚያ ደግሞ ጎረቤቶቿ አይለቋትም።

«ልጅሽ ምን ይሠራል?»

«ግጥም።»

«እስቲ ምን ይላል?»

«ገና አላለውም።»

ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ሳትስቅ። ለምስጋና እሁድ ጎረቤቶቿን ይዛ እንደምትመጣም በዚያው ጨመረችልኝ። «ዘንድሮ ካላልከው ከእንግዲህ አልመጣም» አለች። «እነሱ ፊት ምን እላለሁ?»

ለምስጋና እሁድ የቀረው አንድ ወር ነበር።

ሰው ለምን ጊዜውን ጠብቆ ከመድረክ አይወርድም የምትሉ ከሆነ፣ ትልቅ ሰው ማይክ ይዞ አይታችሁ አታውቁም ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ይበቃል» የሚል አንደበት እኛ ዘንድ አልተፈጠረም። ያለን ዘዴ ቁራጭ ወረቀት ነው። ጋሽ ወልዴ «ሰዓት» ብለው ይጽፉና አጥፈው በሰው ይልካሉ። ተናጋሪው ወረቀቱን ይቀበላል፣ ይገልጣል፣ ያነባል፣ መልሶ ያጥፋል፣ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ይከተዋል፣ ከዚያ ይቀጥላል። የዋናው ሰባኪያችን የወንጌላዊ ማርቆስ መጽሐፍ ቅዱስ በተጠራቀመበት ወረቀት ብዛት አልዘጋ ብሏል።

አንድ እሁድ እንደልማዴ ሳልነበብ ወደ ቤት ስመለስ ነገሩ ተገለጠልኝ። የሚያስፈልገን ይሉኝታ የሌለው ፍጡር ነው። በሰው መካከል ስላጣሁት ልሠራው ወሰንኩ።

ከአዲስ አበባ በመንገደኛ ያስመጣኋት ማይክሮኮንትሮለር የምትባል ነገር አለችኝ። የክብሪት ሳጥን የምታህል፣ ያዘዟትን ብቻ የምትፈጽም ትንሽ ኮምፒውተር ናት። ትምህርቱን ያገኘሁት ከስልኬ ነው፤ ግጥምንም የተማርኩት እንደዚሁ ስለሆነ በሁለቱም ሙያ የሚጠየቅልኝ አስተማሪ የለም። ከዚህ ቀደም በእሷ የሠራሁት የበር ደወል ከእንግዳ ይልቅ ለፍየል ይደውል ነበር። ቢሆንም ተስፋ አልቆረጥኩም። በካርቶን ሳጥን ላይ ሦስት መብራት ተከልኩ። ተናጋሪው ሲጀምር አረንጓዴ ይበራል፤ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ቢጫ፤ ሲያልቅበት ቀይ። የደቂቃው ማዞሪያ ሳጥኗ ላይ ነው። ማስጀመሪያዋ ቁልፍ ግን ጋሽ ወልዴ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች። አዲስ ተናጋሪ ሲወጣ እሳቸው ቁልፏን ይጫኗታል፤ ሳጥኗም ከአረንጓዴ ትጀምራለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ቤቴ ውስጥ ሃምሳ ጊዜ ሞከርኳት። አንድም ጊዜ አልተሳሳተችም።

ቤተ ክርስቲያን መድረኩ ላይ ስተክላት ከሳጥኗ እስከ ጋሽ ወልዴ ጠረጴዛ አሥር ሜትር ያህል ሽቦ አስፈለገኝ። ጋሽ ወልዴ «ሽቦ እንዳይታይ፤ ሰው ይጠልፋል» ስላሉ ከምንጣፉ ሥር ቀበርኩት። እዚያ ሥር ቀድሞ የገባ የስፒከር ገመድና የኤሌክትሪክ ማራዘሚያ ነበር። እኔ ደግሞ ግጥም የሚጽፍ ሰው ነኝ፤ የተበታተነ ነገር አልወድም። ሦስቱንም ጎን ለጎን አስተኝቼ፣ በየክንዱ ርቀት በክር አሰርኳቸው። ቤት የሚመታ ሽቦ አይታችሁ አታውቁ ይሆናል፤ ያ ነበር።

የመጀመሪያው እሁድ በድል ጀመረ። ማስታወቂያ የሚያነቡት አቶ ኤልያስ ድምፃቸው ከሹክሹክታ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ሕግ አክባሪ ሰው ናቸው። የተሰጣቸው አምስት ደቂቃ ነው። «የእናቶች ስብሰባ የሚደረገው በመጪው...» ሲሉ ቀይ በራ። አቶ ኤልያስ ዓረፍተ ነገሩን እዚያው ትተው ወረዱ። እናቶቹ ሳምንቱን ሙሉ እርስ በርስ ሲጠያየቁ ሰነበቱ። እኔ ግን ያን ጊዜ ከደስታዬ ብዛት ወረቀቴን አውጥቼ ጉሮሮዬን ማጽዳት ጀምሬ ነበር።

ቀጥለው ወንጌላዊ ማርቆስ ወጡ። አርባ ደቂቃ። እሳቸው የሚሰብኩት በሙሉ አካላቸው ነው። በአርባኛው ደቂቃ ቀይ ሲበራ አዩት፤ ቅር አላቸው እንጂ አልተቃወሙም። ሊዘጉ ሲሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ሃሌሉያ በሉ» አሉ። ስፒከሩ አገሳ። ቀዩ ጠፍቶ አረንጓዴው በራ።

ወንጌላዊ ማርቆስ ሳጥኗን ተመለከቱ። ጣሪያውን ተመለከቱ። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን እንደገና ገለጡ። «ሁለተኛው ነጥባችን» አሉ።

በዚያ ቀን አምስት ነጥብ ሰማን። ስንወጣ ጋሽ ወልዴ ክንዴን ይዘው «ልጄ፣ በእውነት እኔ አልነካኋትም» አሉኝ፤ እኔም አመንኳቸው።

ሰኞ ምርመራ ጀመርኩ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ከመንገዱ ማዶ ያለውን በያጅ ነው። እሱ ብረት ሲበይድ የሰፈሩ ቴሌቪዥን ሁሉ እንደሚንቀጠቀጥ ይታወቃል። ልወቅሰው ሄጄ በሩ ላይ ስደርስ እሁድ እንደማይሠራ ትዝ አለኝ፤ ሰላም ብዬው ተመለስኩ። ቀጥዬ የመብራቱን መዋዠቅ ጠረጠርኩ። ሳጥኗን ከግድግዳው ነቅዬ በስልክ ፓወር ባንክ አስነሣኋት። ቀጥዬ ከሞተ ሬዲዮ ላይ ካፓሲተር ነቅዬ ጨመርኩላት፤ ኃይሏ ሲወዛወዝ ታረጋጋታለች ብለው ስልኬ ላይ አስተምረውኛል። በመጨረሻ ሳጥኗን በምግብ መጠቅለያ ፎይል ጠቀለልኳት። የተጠበሰ ዓሣ ትመስል ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት ከባህሩ ጋር ልንሞክራት ገባን። ባህሩ ሚክሰሩ ላይ የሚቀመጠው የድምፅ ሰውና ጓደኛዬ ነው፤ ጓደኛዬ መሆኑን ግን ከአነጋገሩ ማወቅ አይቻልም።

«ባለቅኔው፣ ውጣና የሆነ ነገር በል» አለኝ።

ወጣሁና ግጥሜን አነበብኩ። ከዳር እስከ ዳር። ሳጥኗ በሥርዓት ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቀይ ሄደች፤ ከቀይም አልተነቃነቀችም።

«ዳነች» አልኩ።

«አልዳነችም። ግጥምህ ኃይል የለውም» አለ ባህሩ። «እንደ ወንጌላዊ ማርቆስ በል።»

አየር ስቤ «ሃሌሉያ» አልኩ። አረንጓዴ። ቀይ እስኪሆን ጠብቄ እንደገና አልኩ። አረንጓዴ። ዝግ ብዬ ስል አትንቀሳቀስም፤ ስጮህ ትቀየራለች። ፎይሉን አጥብቄ ጮህኩ፤ ሳጥኗን ወንበር ላይ አውጥቼ ጮህኩ፤ ካፓሲተሩን በሌላ ለውጬ ጮህኩ። በዚህ መካከል ዞር ስል ከገበያ የሚመለሱ ሁለት ሴቶች ዘንቢላቸውን በር ላይ አስቀምጠው፣ ተንበርክከው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ። አንደኛዋ ታለቅሳለች።

«አሁን ማቆም አትችልም» አለኝ ባህሩ በሹክሹክታ። «ቀጥል።»

ሴቶቹ እስኪጨርሱ ሩብ ሰዓት ያህል «ሃሌሉያ» አልኩ። ሲወጡ አንዷ እጄን ይዛ ባረከችኝ። ያን ቀን በረከት እንጂ የምርመራ ውጤት አላገኘሁም።

በሁለተኛው እሁድ ምስጢሩ ወጥቶ ነበር። ማን እንዳወራው አላውቅም፤ ባህሩ መሆኑን ግን አውቃለሁ። የመዘምራን መሪዋ በመዝሙር መካከል ቀይ ስታይ ማይኩን ወደ አፏ አስጠግታ ጮኸች፤ ሁለት መዝሙር ተጨመረ። ከምርጥ ዘር መሥሪያ ቤት የመጡ እንግዳ ሰላምታ ለማቅረብ ወጥተው፣ ጎናቸው ያለው ሰው አንድ ነገር በጆሯቸው ካላቸው በኋላ ሰላምታቸው እንደ ጎርፍ ወረደ። እንኳን ሌላው፣ አቶ ኤልያስ ራሳቸው ማስታወቂያውን ይዘው ከወጡ በኋላ ሳጥኗን በፍርሃት አዩና፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በዕድሜያቸው አውጥተውት በማያውቁት ድምፅ «የእናቶች ስብሰባ ማክሰኞ ነው» ብለው ጮኹ። ሕዝቡ «አሜን» አለ።

በዚያ እሁድ የወጣነው ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። በዕድሜ ትልቁ ሽማግሌያችን በደስታ ተውጠው ወደ እኔ መጡ። «ይህቺ ሳጥን ሰውን ቀስቅሳዋለች። እንዳትነካት» አሉኝ።

እስቲ እኔን ሁኑ። ሰውን ለማሳጠር የሠራኋት ነገር ሰውን አስረዘመች። ሰው ወረቀት ሲላክለት ቢያንስ ያፍር ነበር፤ አሁን የሚያሳፍረውም ጠፋ። እናቴ በሚቀጥለው እሁድ ከነጎረቤቶቿ ትመጣለች፤ በዚህ አያያዝ ግጥሜ ጋ የሚደረሰው እነሱ ገዘር ገብተው ራት ከበሉ በኋላ ነው።

ቅዳሜ ለፎቶ ኮፒ ሥራ ትልቁ ቀን ነው፤ ገበያ የወጣው ሁሉ መታወቂያና ደብዳቤ ሊያስገለብጥ ይመጣል። ያን ቅዳሜ አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ውሸትም አልነበረም። ባህሩን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ገባሁና ሳጥኗን እንደገና ፈታኋት። በዚህ ጊዜ ጩኸቱን የተረከበው ባህሩ ስለነበር ድምፁ መሰንጠቅ ጀምሯል። ስፒከሩ ላይ ተደገፈ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ። «ሁለት ሳምንት ሙሉ የምታክማት ሳጥኗን ነው። ቤትህ ግን ሳጥኗ ደህና ነበረች። ቤትህ ያልነበረው ምንድን ነው?»

እጄን ከሳጥኗ ውስጥ አወጣሁ። ቤቴ ያልነበረው አሥር ሜትር ሽቦ ነው።

የቁልፏን ሽቦ ከሳጥኗ ነቀልኩ። በቦታው ስንዝር የማትሞላ ሽቦ ተከልኩና «ጩኽ» አልኩት። ጮኸ። ቀይ። «ባለህ ኃይል።» ባለው ኃይል ጮኸ። ቀይ። ረጅሙን ሽቦ መልሼ ስሰካው፣ ገና «ሃ» ሲል፣ አረንጓዴ።

ምንጣፉን ገለጥን። ሽቦዎቼ ጎን ለጎን፣ በክር ታስረው፣ አምሮባቸው ተኝተዋል። ምስጢሩ ያ ማማር ነበር። በስፒከሩ ገመድ ውስጥ ትልቅ ድምፅ ሲያልፍ አጠገቡ የተኛው የቁልፍ ሽቦ ይሰማዋል፤ ልክ ቀጭን ግድግዳ የለያቸው ጎረቤቶች እንደሚደማመጡት። ቁልፏን ሰው ካልተጫናት በቀር ሽቦው ከምንም ጋር ያልተያያዘ ባዶ ጆሮ ነው። ወንጌላዊ ማርቆስ «ሃሌሉያ» ሲሉ እሱ ይደነግጣል፤ ሳጥኗ ደግሞ ድንጋጤውን የጋሽ ወልዴ ጣት ይመስላታል። ጥፋቱ የበያጁም፣ የመብራቱም፣ የሰባኪውም አልነበረም። ሽቦን እንደ ግጥም ያሰርኩት እኔ ነኝ።

ክሮቼን አንድ በአንድ በጠስኩ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ አዘንኩ። የቁልፏን ሽቦ ከሌሎቹ ለይቼ በመስኮቱ በኩል በግድግዳው ላይ ወሰድኩት። ከሞተው ሬዲዮ ደግሞ ሬዚስተር የምትባል፣ ኃይልን ገታ የምታደርግ ቅንጣት ዕቃ አወጣሁና በእሷ በኩል ሽቦውን ከሳጥኗ አምስት ቮልት ኃይል ጋር አያያዝኩት፤ ከእንግዲህ ባዶ ጆሮ ሆኖ አይንጠለጠልም፣ የሚይዘው አለ። ሳጥኗንም ከቅጽበት ያነሰ መነካት የሰው ጣት አይደለምና እንዳታምኚ ብዬ አዘዝኳት። ከዚያ ባህሩ ጮኸ። እኔ ጮህኩ። ሁለታችንም በሁለት ማይክ ጮህን። ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ።

«አሁን ነገ የሚጠላህን ሰው ቁጠር» አለኝ ባህሩ፤ ድምፁ ጨርሶ ተዘግቶ ነበር።

የምስጋና እሁድ ደረሰ። መድረኩ በዱባ፣ በበቆሎ፣ በሙዝና በማር ተሞልቷል። እናቴ ከጎረቤቶቿ ጋር አንድ ሙሉ አግዳሚ ይዛ ተቀምጣለች። ሰላም ልላቸው ስጠጋ ጎንበስ አድርጋኝ «እዚህ ሲጮኹበት ጊዜ የሚጨምር መብራት አለ አሉ» አለችኝ። ዜናው ገዘር ደርሷል። ለማስረዳት አፌን ስከፍት መዝሙር ተጀመረ።

ሁሉም ነገር በሰዓቱ ሄደ። ስብከቱ አርባ ደቂቃ ሲሞላ ቀይ በራ። ወንጌላዊ ማርቆስ በልበ ሙሉነት «ሃሌሉያ» አሉ። ቀይ። ጠጋ ብለው፣ ወደ ሳጥኗ አቅጣጫ፣ ደገሙት። ቀይ። ሕዝቡ ሳጥኗን ለማየት አንገቱን አሰገገ። ከዚያ ወንጌላዊው ፈገግ አሉ። «ዛሬ ጨክናለች። እንጸልይ» ብለው ዘጉ።

ጋሽ ወልዴ ሰዓታቸውን አዩ። እንደገና አዩ። ሰዓት ተርፎ አይተው ስለማያውቁ ጆሯቸው ላይ አስጠግተው መሥራቱን አረጋገጡ። «እንግዲህ... ግጥም አለን» አሉ።

ወጣሁ። ጋሽ ወልዴ ቁልፏን ተጫኑ፤ አረንጓዴ በራ። ግጥሜ በቤቴ ለብቻዬ ሳነበው ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ የሚፈጅ ነው። ቤቴ ውስጥ ግን እናቴ የለችም፤ ሰላምታም የለም። እሷን ሳያት ከሰላምታ ጀመርኩ። ለእግዚአብሔር ምስጋና አቀረብኩ፤ ሽማግሌዎቹን አመሰገንኩ፤ ከገዘር ድረስ የመጡትን አመሰገንኩ፤ ይህን ዕድል ስለሰጡኝ እንደገና ሁሉንም አመሰገንኩ። ገና ርዕሱን ስናገር ቢጫ በራ። ወደ መጨረሻው አንጓ ስደርስ ቀይ ሆነ። የመጨረሻው አንጓ የእናቴ ነው፤ እሷ ያለችው እዚያ ብቻ ነው።

ቆምኩ። ሌላው ሰው ሁሉ በቀይ ወርዷል። ሠሪዋ እኔ ነኝ፤ እንዴት እቀጥላለሁ? ወንጌላዊ ማርቆስ ከፊት ረድፍ ሳጥኗን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ፣ በጣም ደስ የሚል ፈገግታ አሳዩኝ። አንድ እግሬን ወደ ደረጃው አነሣሁ።

ያን ጊዜ ከኋላ እልልታ ተሰማ። እናቴ ናት። ቆማ፣ ዓይኗን ከቀዩ መብራት ሳትነቅል፣ ታቀልጠዋለች። ጎረቤቶቿ ተከተሏት። ከዚያ ነገሩ የገባውም ያልገባውም ተቀላቀለ፤ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ሳጥኗ ንቅንቅ አላለችም። ሬዚስተሯ ይዛለች፤ ሽቦው በግድግዳው በኩል በሰላም ተኝቷል። በሠራሁት ነገር እንደዚያ ቀን ኮርቼም፣ እንደዚያ ቀን ተናድጄም አላውቅም።

ድንገት አረንጓዴ በራ።

መጀመሪያ የታየኝ ቅዳሜ የሠራሁት ሥራ ሁሉ ገደል መግባቱ ነው። ቀና ብዬ ወደ ጠረጴዛው ስመለከት ግን ጋሽ ወልዴ የጣሪያውን ቆርቆሮ አንድ በአንድ የሚቆጥር ሰው መስለው ወደ ላይ አንጋጠዋል። ጣታቸው ቁልፏ ላይ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ሬዚስተር አልተሠራለትም።

አነበብኩት።

እኔ መስመር ስጭር፣ ስጽፍ፣ ስሰርዝ፣
እማዬ ጎደሬ በዝናብ ስታግዝ፤
ሁለታችን ቆፋሪ፣ ሁለታችን ዘሪ፣
ያንቺ ግን በቀለ፣ የኔ ነው ቀሪ።

ስጨርስ እናቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር። ጎረቤቶቿ ትከሻዋን ይዳብሳሉ። ጋሽ ወልዴ መነጽራቸውን ጠረጉ። ባህሩ እንኳ፣ ድምፅ ባይኖረውም፣ አውራ ጣቱን ከሚክሰሩ በላይ አሳየኝ።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። የገዘር ሚኒባስ ሊሞላ አንድ ሁለት ሰው ነው የቀረው። እናቴ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ፣ ከመድረኩ የደረሳትን ዱባ ጭኗ ላይ አመቻቸች። እኔ መስኮቱ ሥር ቆሜ እጠብቃለሁ። ለዚህች ደቂቃ ስንት ሽቦ እንደቀበርኩና እንዳወጣሁ እሷ አታውቅም።

«እማ፣ እንዴት ነበር?» አልኩ በመጨረሻ።

«ጥሩ ነው» አለች። ትንሽ አሰበች። «ረዘመ እንጂ።»

ሞተሩ ተነሣ። ረዳቱ በሩን ዘጋ። እናቴ አንድ ነገር እንደረሳች ሁሉ መስታወቱን ከፈት አድርጋ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«ደግሞ አንተ መጻፍ የጀመርክ ዓመት ጎደሬው አልበቀለም» አለችኝ። «ፍልፈል ነው የጨረሰው።»

ከኋላዋ የተቀመጡት የገዘር ሰዎች በሙሉ፣ ሚኒባሱ እስኪታጠፍ ድረስ፣ እውነቷን ነው በሚል ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።